ሳልሞክረው ያመንኩት መስታወት

ባለፈው የካቲት አንድ ምሽት አገር ቤት በአንድ ፋብሪካ የቦይለር (ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣ ማሽን) ኦፕሬተር የሆነ ወጣት ደወለልኝ። የአክስቴ ልጅ ጓደኛ ነው፤ በአካል ተገናኝተን አናውቅም። "ጋሼ፣ አንድ ነገር ላማክርዎት ነበር" አለኝ። ውሃ ሲያንስ በርነሩን፣ ማለትም እሳቱን የሚያነደውን ክፍል፣ የሚያጠፋው መሣሪያ በአንድ ፈረቃ ሦስት አራት ጊዜ ሥራ እያስቆመበት ተቸግሯል። በቦይለሩ ውስጥ ያለውን የውሃ ከፍታ የሚያሳየውን መስታወት ሲያይ ግን ውሃው ግማሽ ላይ ነው። ስለዚህ መሣሪያው ተበላሽቷል ብለው ደምድመዋል፤ ምርት እንዳይቆም የፈረቃው ኃላፊ "ሽቦውን አገናኝና እለፈው" ብሎታል። የልጁ ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፦ የሚያገናኘው የትኞቹን ሁለት ሽቦዎች ነው?

የያዝኩትን ሻይ አስቀምጬ ተነሣሁ። "መጀመሪያ በርነሩን አጥፋ፤ ከዚያ እናወራለን" አልኩት። እግዚአብሔር ይስጠው፣ አጠፋው። ከአንድ ሰዓት በላይ አወራን። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔም ከጥቂት ዓመታት በፊት ግማሽ የሚያሳይ መስታወት አይቼ ልቤ ያረፈበት ቀን ነበር። ያን ቀን የተረፍኩት ከጎኔ የቆመው ሰው ከእኔ ይልቅ ጠንቃቃ ስለነበረ ነው። በፋብሪካ፣ በሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ፣ በሆቴል፣ በዩኒቨርሲቲ ወጥ ቤት ከቦይለር ጋር ለምትውሉ ወንድሞችና እኅቶች የደረሰብኝን እንዳለ እጽፈዋለሁ።

የተወለድኩት ድሬዳዋ ነው። አያቴ ባቡሩ በእንፋሎት በሚሄድበት ዘመን በምድር ባቡር እሳት አንዳጅ ነበሩ፤ አባቴ ደግሞ በናፍጣው ዘመን እዚያው ጋራዥ ውስጥ ሠርቷል። የድሬዳዋን ውሃ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አዲስ ማንቆርቆሪያ ብዙ ሳይቆይ ውስጡ ነጭ ድንጋይ ይለብሳል። እናቴ ማንቆርቆሪያውን ደፍታ በማንኪያ ጀርባ ስትመታው ቅርፊቱ ሰሃኑ ላይ ሲረግፍ የሚሰማው ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልጠፋም። ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ በአንድ የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ተቀጥሬ ዘጠኝ ዓመት ቦይለር አንቀሳቀስኩ። ድንጋይ የሚፈጥረውን ነገር ከውሃው የሚያወጣው ማለስለሻ ጨው ባለቀበት ጊዜ ለሳምንታት ጥሬ ውሃ ወደ ቦይለሩ እየላክን ሠርተናል። ማንም ምንም አላለም፤ እኔም አላልኩም። አንድም ክፉ ነገር ስላልደረሰ ሥራውን ጠንቅቄ የማውቅ መሰለኝ።

ወደ አሜሪካ መጥቼ ሜሪላንድ ከተቀመጥኩ በኋላ ኑሮዬ ሌላ ሆነ፤ እንፋሎት ግን ከልቤ አልወጣም። አንድ ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ጎብኚዎችን በእንፋሎት ሎኮሞቲቭ የሚያመላልስ አነስተኛ የባቡር መስመር ሄድኩ። የከሰሉ ጭስና የትኩስ ዘይቱ ሽታ አያቴ ይተርኩልን የነበረውን ሁሉ አስታወሰኝ። ሥራውን የሚሠሩት አብዛኞቹ በጎ ፈቃደኞች እንደሆኑ ስሰማ በሚቀጥለው ሳምንት ተመዘገብኩ። "ዘጠኝ ዓመት የቦይለር ልምድ አለኝ" ብዬ ቅጹ ላይ በትልቁ ጻፍኩ።

የመጀመሪያው ስህተቴ እሱ ነው፤ ልምዱን እንደ ፈቃድ ቆጠርኩት። የፋብሪካ ቦይለር ባለበት ይቆማል፣ በርነሩን አውቶማቲክ መሣሪያ ያበራዋል፣ ያጠፋዋልም። ሎኮሞቲቭ ግን ዳገት ይወጣል፣ ቁልቁለት ይወርዳል፣ ይወዛወዛል። ውስጡ ያለው ውሃም አብሮት ይሮጣል። እሳቱን የሚቆጣጠረው ከሰል የሚጨምረው ሰው ነው፤ ውሃ የሚያስገባውም እሱ ነው። ዓይኑን የሚተካለት መሣሪያ የለም።

ያሰለጠኑን ሽማግሌ ነጂ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉ አካፋ አላስያዙንም። ከሎኮሞቲቩ እሳት ቤት ፊት አስቀምጠው ጣሪያውን በባትሪ አሳዩን። እሳቱ የሚነድበት የብረት ሳጥን ጎኖቹም ጣሪያውም በውሃ የተከበቡ ናቸው። ከበታች ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሚነድ እሳት አለ፤ ከላይ በ14 ባር ግፊት ውስጥ እስከ 198 ዲግሪ የሞቀ ውሃ አለ። ውሃው ጣሪያውን እስከሸፈነው ድረስ ሙቀቱን እየተቀበለ ስለሚወስድለት ብረቱ አይጎዳም። ውሃው ዝቅ ብሎ ጣሪያው ከተገለጠ ግን ብረቱ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል፣ ይለሰልሳል፣ ከላይ የሚጫነው ግፊት ወደ እሳቱ እየገፋው ይቀደዳል።

ብዙ ሰው ቦይለር የሚፈነዳው ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ብቻ ይመስለዋል፤ እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ሽማግሌው ያስረዱን ሌላ ነው። ብረቱ በተቀደደበት ቅጽበት ግፊቱ በድንገት ይወርዳል፤ በ198 ዲግሪ ፈሳሽ ሆኖ የቆየው ውሃ ከዚያ በኋላ ፈሳሽ ሆኖ መቆየት አይችልም። ከአምስት እጁ አንዱ ገደማ ወዲያውኑ እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ ከውሃው ከ1600 ጊዜ በላይ ቦታ ይፈልጋል። የግፊት መለኪያው ትክክለኛውን ቁጥር እያሳየ፣ ትርፍ ግፊት የሚያስወጣው ሴፍቲ ቫልቭም ደህና ሆኖ ሳለ ይህ ሊሆን ይችላል።

የነገሩን ታሪክ ሩቅ አልነበረም። ሰኔ 16 ቀን 1995 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) እዚያው ፔንሲልቬኒያ ውስጥ፣ ጋርድነርስ በተባለች ቦታ አቅራቢያ፣ ከጌቲስበርግ የተነሣ ሎኮሞቲቭ ቁጥር 1278 ከ300 በላይ መንገደኞች እየጎተተ ሳለ የእሳት ቤቱ ጣሪያ ተቀደደ። በነጂው ክፍል ውስጥ የነበሩት ሦስቱም ሰዎች ተቃጠሉ። መርማሪዎቹ የደረሱበት ምክንያት የውሃ ማነስ ነው፤ የውሃ መለኪያው መስታወትና የውሃ ማስገቢያው ፓምፕ በአግባቡ አልተያዙም ነበር። ጣሪያው በሙሉ ተገንጥሎ ሎኮሞቲቩን ያላነሣው ጣሪያውን የያዙት የማሰሪያ ብሎኖች አሠራር መቀደዱን ስለገታው ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ ኦሃዮ ውስጥ መዲና በተባለች ከተማ፣ በአውደ ርዕይ ሜዳ ላይ የነበረ አሮጌ የእንፋሎት ትራክተር ፈንድቶ አምስት ሰዎች ሞቱ። ሁለቱንም ስሰማ አዘንኩ፤ ነገር ግን እኔ ላይ የሚደርስ ነገር ነው ብዬ አልፈራሁም።

በመጀመሪያው ዓመት ያጠፋሁት በእሳት ነው። ሎኮሞቲቩ ሳምንቱን ሙሉ ቀዝቅዞ ስለሚቆም ለቅዳሜ ጉዞ ከዓርብ ማታ ጀምሮ በትንሽ እሳት ቀስ ብሎ መሞቅ አለበት። አንድ ዓርብ ተረኛው እኔ ሆኜ አረፈድኩ፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደርሼ የጠፋውን ጊዜ ለማካካስ ትልቅ እሳት ለኮስኩ። በሦስት ሰዓት ውስጥ ግፊቱ ስለወጣ ሥራዬን አሳምሬ የሠራሁ መሰለኝ። ጠዋት ሽማግሌው ነጂ ባትሪያቸውን ይዘው ጎኑን እየዞሩ ሲያዩ ከአንድ ብሎን ራስ መካከል ቀጭን የውሃ ክር ሲወጣ አገኙ።

ያንን ብሎን በቅርብ ላሳያችሁ። የእሳት ቤቱን የውስጥ ግድግዳ ከውጭኛው ግድግዳ ጋር የሚያያይዙት በመቶዎች የሚቆጠሩ ማሰሪያ ብሎኖች ናቸው። በአጫጭሮቹ እምብርት ላይ 5 ሚሊሜትር ገደማ ስፋት ያላት ቀዳዳ ትሰረሰራለች። ብሎኑ ውስጡ ሲሰነጠቅ በቀዳዳዋ ውሃ ወይም እንፋሎት ይወጣል፤ ብሎኑ በራሱ አንደበት "ተሰብሬያለሁ" ይላል ማለት ነው። የውስጡ ግድግዳ ከውጭኛው ቀድሞ ሲሞቅ ቀድሞ ይለጠጣል፣ በመካከል ያሉት ብሎኖች ይታጠፋሉ። ቀስ ብሎ ሲሞቅ ሁለቱ ግድግዳዎች አብረው ይሄዳሉ፤ እኔ ባደረግሁት ጊዜ ግን ቀድሞ የደከመው ብሎን ተሰበረ። ያን ቀን መንገደኞቹ በናፍጣ ሎኮሞቲቭ ሄዱ፤ ብሎኑን ለመቀየር ሁለት ቅዳሜ ፈጀ። እንዲህ ዓይነት ቀዳዳ ሲያንጠባጥብ አይታችሁ በብየዳ ወይም በሽብልቅ የምትደፍኑ ካላችሁ እለምናችኋለሁ፣ ተዉት። የምትደፍኑት የማስጠንቀቂያውን አፍ ነው።

ለፋብሪካ ሠራተኞችም ነገሩ ያው ነው። ሰኞ ጠዋት ምርት ክፍሉ በሁለት ሰዓት እንፋሎት ይፈልጋል፤ ኦፕሬተሩ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን ገብቶ በርነሩን በሙሉ ኃይል ይለቀዋል። ከዚያ የቱቦዎቹ ጫፍ ማንጠባጠብ ሲጀምር ጥፋቱ የቱቦው ይሆናል። ከአለቆቻችሁ ጋር መነጋገር ያለባችሁ ዓርብ ነው እንጂ ሰኞ ጠዋት አይደለም። እሑድ ማታ የሚገባ አንድ ሰው መመደብ ቱቦ ከመቀየር እጅግ ይረክሳል።

አሁን ወደ ዋናው ቀን ልምጣ። ወሩ ጥቅምት ነበር፤ ቅጠሉ ስለሚቀላ ሰው ከየከተማው ይጎርፋል፣ ፉርጎዎቹም ይሞላሉ። በመንገድ መጨናነቅ ምክንያት ዘግይቼ ደረስኩ። ከጉዞ በፊት የሚሞላ የፍተሻ ቅጽ አለ፤ ከመስመሮቹ አንዱ "የውሃ መስታወቶች በእንፋሎት ተጠርገው ተፈትሸዋል" ይላል። መስታወቱን አየሁት፤ ከግማሽ ትንሽ ከፍ ብሏል። ብዕሩን አንሥቼ ምልክት አደረግሁ። አልፈተሽኩትም።

መስታወቱ ከሳምንት በፊት አዲስ የተገጠመ ነበር። ንጹሕ፣ ጥርት ያለ፣ ለማየት ደስ የሚል። ዳገቱን ስንጀምር ከሰል እየጨመርኩ በየመካከሉ ቀና እያልኩ አየዋለሁ፤ ግማሽ ነው። ወደ ቦይለሩ ውሃ የሚያስገባውን መሣሪያ፣ ኢንጀክተሩን፣ ብዙ መክፈት አላስፈለገኝም፤ ቀዝቃዛ ውሃ ባለማስገባቴም ግፊቱ ሳይወርድ ቆየ። ሎኮሞቲቩ እየተንቀጠቀጠ፣ እኛም ቆመን እየተወዛወዝን፣ በመስታወቱ ውስጥ ያለው ውሃ ግን እንደ ሥዕል ረግቶ ነበር። ያ ጸጥታ ደስ አለኝ። ዛሬ ስለዚያ ሳስብ ይዘገንነኛል፤ በሚንቀጠቀጥ ማሽን ላይ የማይንቀጠቀጥ ውሃ ከቦይለሩ ጋር ግንኙነት የለውም ማለት ነው።

ወደ ኮረብታው አናት ስንቃረብ ሽማግሌው ነጂ በእሳቱ ጩኸት መካከል "ስንት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። "ግማሽ!" አልኩ። የራሳቸውን መስታወት በቀኝ በኩል አዩት። "የእኔ ሩብ አይሞላም" አሉ። እኔ ልቤ ወዲያውኑ የፈረደው በእሳቸው መስታወት ላይ ነው፤ አሮጌው እሱ ነበርና። እሳቸው ግን አልተከራከሩኝም። እንፋሎቱን ዘግተው ባቡሩን ዳገቱ ላይ እንዳለ አቆሙት፤ ከዚያ ወደ ሦስቱ መሞከሪያ ቧንቧዎች ሄዱ።

እነዚህ ቧንቧዎች በቦይለሩ ጀርባ ላይ አንዱ ከአንዱ ከፍ ብለው የተተከሉ ናቸው፤ መስታወት የላቸውም፣ የሚዋሽ ነገርም የላቸውም። ሲከፈቱ በዚያ ከፍታ ላይ ያለው ነገር ይወጣል። ልዩነቱን የሚለየው ጆሮ ነው። ውሃ ሲሆን ነጭና ከባድ ሆኖ፣ እየተፋና እየተንፈቀፈቀ ይወርዳል። እንፋሎት ሲሆን ከቧንቧው አፍ አጠገብ ምንም አይታይም፤ ድምፁ ደረቅና የሰላ ነው፣ ጨርቅ እንደመቅደድ። ላይኛውን ከፈቱ፤ ደረቅ። መካከለኛውን ከፈቱ፤ ደረቅ። እግሬ መቆም ከበደው። ታችኛውን ሲከፍቱ ለአፍታ ተንተፋተፈ፣ ከዚያ ከባዱ ነጭ ውሃ ወጣ።

ያ ውሃ ከጣሪያው በላይ ጥቂት ሴንቲሜትር መኖሩን ነገረን። እሳቸው ወዲያው የአየር ማስገቢያውን አስዘግተው እሳቱን በእርጥብ ደቃቅ ከሰል አለበሱት፤ ኢንጀክተሩን ከፈቱ። ውሃው መካከለኛው ቧንቧ እስኪደርስ ድረስ ንቅንቅ አላልንም። አርባ ደቂቃ ያህል ቆምን። ከኋላችን ሕፃናት በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ፊሽካ እንዲነፋላቸው ይለምኑ ነበር።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ። አንደኛው፣ ታችኛው ቧንቧም ደረቅ ቢሆን ኖሮ ውሃ አናስገባም ነበር። ውሃው ከዓይንም ከመሞከሪያም ጠፍቶ ሲገኝ ጣሪያው ምን ያህል እንደጋለ ማንም አያውቅም። በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መልቀቅ አደጋውን ሊያፋጥነው ይችላል። እሳቱን ማጥፋት፣ ሰውን ማራቅ፣ በራሱ እስኪቀዘቅዝ መተው፤ ሌላ ምንም አይነካም። በፋብሪካም ሕጉ ይኸው ነው። ውሃው ከመስታወት ጠፍቶ ካገኛችሁት እጃችሁ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ በርነሩ ማጥፊያ እንጂ ወደ ፓምፑ አይሁን።

ሁለተኛው፣ ዳገቱ ላይ መቆማችን ነው። ሎኮሞቲቩ አፍንጫውን ወደ ላይ አድርጎ ሲወጣ ውሃው ወደ ኋላ፣ ወደ እሳት ቤቱ ይሰበሰባል። አናቱን አልፎ አፍንጫው ወደ ታች ሲያዘነብል ውሃው ወደ ፊት ይሸሻል፤ የእሳት ቤቱ ጣሪያ ይገለጣል። ነጂው በአናቱ ላይ እንፋሎቱን ሲዘጋ ደግሞ በፍላት ተነፍቶ የነበረው ውሃ ይሟሽሻል፣ የበለጠ ዝቅ ይላል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ይደርሳሉ። እኛ ከአናቱ ሁለት መቶ ሜትር ያህል ቀርቶን ነበር።

ማታ ጣቢያ ገብተን ቦይለሩ ሲረጋ የእኔን መስታወት ፈታነው። ከበታች ውሃው የሚገባበት መተላለፊያ ውስጥ አዲሱ የጎማ ማሸጊያ ሲጠብቅ ተጨፍልቆ ወደ ቀዳዳው ገብቷል፤ በእሱ ላይ ነጭ ቅርፊት ተጋግሮበታል። የቀረችው ክፍተት የመርፌ ቀዳዳ ታህላለች። ቅርፊቱን በጥፍሬ ነካሁት፤ የእናቴ ማንቆርቆሪያ ድንጋይ ነው። ሽማግሌው አልጮሁብኝም። የጠዋቱን ቅጽ አምጥተው ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፤ ምልክቴ ላይ ጣታቸውን አድርገው "ይህን የጻፈው ማነው?" አሉ። "እኔ ነኝ" አልኩ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ አንዳችንም አልተናገርንም።

መስታወት እንዴት እንደሚዋሽ የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው፤ ዘጠኝ ዓመት ሳላውቀው ሠርቻለሁ። መስታወቱ ከላይ ከእንፋሎቱ፣ ከታች ከውሃው ጋር ይገናኛል። የታችኛው መንገድ ሲዘጋ ውስጡ ያለው ውሃ መውረድ አይችልም፤ ከላይ የሚገባው እንፋሎት እየቀዘቀዘ ውሃ ሲሆን እንዲያውም ከፍ ይላል። የላይኛው ሲዘጋ ደግሞ በአናቱ የታሰረው እንፋሎት ቀዝቅዞ ሲጠፋ ውሃው ወደ ባዶው ቦታ ይሳባል፤ አሁንም ከፍ ይላል። አንዱም ቢዘጋ ሌላው፣ መስታወቱ የሚነግራችሁ ውሃ አለ ብሎ ነው። ስህተቱ ወደ ደህንነት የሚያደላ ቢሆን ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍኩ ነበር።

አፈታተሹ ደግሞ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። መነጽርና ጓንት አድርጉ፤ ከመስታወቱ ፊት ለፊት ሳይሆን በጎን ቁሙ። የታችኛውን የውሃ ቫልቭ ዝጉና ማፍሰሻውን ክፈቱ፦ እንፋሎት ሳይቆራረጥ በኃይል መውጣት አለበት። ከዚያ የውሃውን ክፈቱ፣ የላይኛውን የእንፋሎት ቫልቭ ዝጉ፦ አሁን ውሃ በኃይል መውጣት አለበት። ሁለቱንም ከፍታችሁ ማፍሰሻውን ዝጉ፤ ውሃው ዘልሎ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። እያዘገመ ከወጣ አንዱ መንገድ መዘጋት ጀምሯል፤ ያ ቦይለር ሳይጠረግ ሥራ አይጀምርም። ይህን በየፈረቃው መጀመሪያ አድርጉት። ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው "አድርጌዋለሁ" ቢላችሁም እንደገና አድርጉት፤ እኔም ቅጹ ላይ አድርጌዋለሁ ብዬ ነበር።

የመስመሩ ኃላፊዎች እስከሚቀጥለው ዓመት ከነጂው ክፍል አገዱኝ። ትክክል ነበሩ። ክረምቱን እንድመጣ የተፈቀደልኝ ቦይለር ለማጠብ ነው፤ ከዘጠኝ ዓመቱ ይልቅ ያስተማረኝ ያ አራት ወር ነው ብል አላጋነንኩም።

የአሜሪካ ሕግ የሎኮሞቲቭ ቦይለር ቢያንስ በየ31 የሥራ ቀኑ ውስጡ እንዲታጠብ ያዝዛል፤ የመስታወቶቹና የመሞከሪያዎቹ መተላለፊያዎችም በዚያው ጊዜ ተፈትተው ይጠረጋሉ። በ1472 የሥራ ቀን ወይም በ15 ዓመት፣ ከሁለቱ ቀድሞ በደረሰው፣ ቦይለሩ ሙሉ በሙሉ ተራቁቶ ይመረመራል። እኛ ስናጥብ መጀመሪያ እንዲቀዘቅዝ ሁለት ቀን እንተወዋለን። ለብ እያለ ቀዝቃዛ ውሃ መልቀቅ በእሳት ከመቸኮል አይተናነስም። መለኪያው ዜሮ ቢያሳይም የአየር መውጫው ተከፍቶ ምንም እንደማይተነፍስ ሳናይ ቡሽ አንፈታም። ከዚያ የጎንና የታች መክፈቻዎች ይፈታሉ፣ የውሃ ቱቦ ይገባል፣ ደለሉ ይወርዳል። ከእሳት ቤቱ ግርጌ ዙሪያ ያወጣሁት ጭቃ ግራጫ ነው፤ በውስጡ የእንቁላል ቅርፊት የሚመስል ስብርባሪ አለ። ያ ቅርፊት ሙቀት የማሳለፍ አቅሙ ከብረት በብዙ እጥፍ ያንሳል፤ ውሃ እያለ እንኳን ብረቱ ውሃ እንዳጣ ይግላል።

ያኔ ነው ጨው ያለቀባቸው የፋብሪካው ሳምንታት ትዝ ያሉኝ። በእውነት ከልቤ አዘንኩ። ያንን ቦይለር ከእኔ በኋላ የተረከበው ሰው ያለ ጥፋቱ የእኔን ቅርፊት ነው የወረሰው። የማለስለሻ ጨው ሲያልቅ በጽሑፍ አሳውቁ፤ ድንጋይ የሚፈጥረው ነገር በውሃው ውስጥ መኖሩን የሚያሳየው የጥንካሬ መፈተሻ ጠብታ በየቀኑ ይደረግ። የቦይለሩ ውሃ ፒኤች (የአሲድነት ወይም የአልካላይነት መለኪያ) አብዛኛውን ጊዜ ከ10.5 እስከ 11.5 መካከል ይጠበቃል፤ የእናንተን ትክክለኛ ልክ ግን የቦይለሩ አምራችና የውሃ ኬሚካል ባለሙያው ይንገሯችሁ። ብሎውዳውኑን፣ ማለትም ደለል ያዘለውን ውሃ ከቦይለሩ ማስወጣቱን፣ ሳትዘሉ አድርጉ፤ ነዳጅ ማባከን ነው የሚላችሁን አትስሙት።

ደግሞ ይህን ሳልል አላልፍም፤ ወደ ቦይለር ውስጥ ሰው ሲገባ የእንፋሎትም የውሃም መስመር በቁልፍ ይዘጋ፣ ቁልፉ በገባው ሰው ኪስ ይሁን። አየሩ ይለካ። ከደጅ ሌላ ሰው ይቁም፤ ያ ሰው ለሻይም ቢሆን አይንቀሳቀስ።

በሚቀጥለው ዓመት ፀደይ ቦይለሩ በውሃ ግፊት ሲፈተሽ አብሬ ነበርኩ። ከሚፈቀደው ግፊት በ25 በመቶ ከፍ ተደርጎ ይሞላል። ለምን በአየር አይፈተሽም ብዬ ጠየቅሁ፤ ውሃ ሲጨመቅ ብዙ ጉልበት አያከማችም፣ ብረቱ ቢሰነጠቅ ጠብ ብሎ ይቀራል፤ አየር ግን እንደ ቦምብ ነው አሉኝ። አገር ቤት በኮምፕረሰር ሲፈተሽ ያየሁትን አስታውሼ ዝም አልኩ። ቦይለሩ ጠብታ ሳያፈስ አለፈ። ሽማግሌው ነጂ ከኪሳቸው ብዕር አውጥተው ሰጡኝ፤ የፍተሻውን ቅጽ እኔ እንድሞላው ፈለጉ። እያንዳንዱን መስመር ከመሙላቴ በፊት ሄጄ በእጄ ነካሁት። አንድ ሰዓት ፈጀብኝ፤ አጠገቤ ቆመው ጠበቁኝ።

አገር ቤት ያለው ወጣት በስልክ የጠየቀኝን ሽቦ አላገናኘም። ኃላፊውን እንዴት እንዳሳመነው አላውቅም፤ ቀላል እንዳልነበረ ግን እገምታለሁ። በሦስተኛው ቀን ፎቶ ላከልኝ። ጋዜጣ ላይ የተቀመጠ የመስታወቱ የታች ቫልቭ ነው፤ ቀዳዳው ነጭ ሆኖ ተደፍኗል፤ መጠኑን እንዳየው ከጎኑ እስክሪብቶ አስቀምጦበታል። ተበላሽቷል የተባለው መሣሪያ ጤነኛ ነበር። የፓምፑ ማጣሪያ ተዘግቶ ውሃው በእርግጥ እያነሰ፣ መስታወቱ ግን ግማሽ እያለ ቆይቷል። "ጋሼ፣ ሽቦውን አገናኝቼው ቢሆን ኖሮ..." ብሎ ጽፎ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም።

ከሳምንት በኋላ ደግሞ አጭር ቪዲዮ ላከ። ፈረቃ ሲረከብ መስታወቱን ሲፈትሽ ጓደኛው ቀርጾታል። ድምፁን ከፍ አድርጌ አዳመጥኩት፤ መጀመሪያ ደረቁ እንፋሎት፣ ቀጥሎ ከባዱ ውሃ። ማፍሰሻውን ዘጋው። ውሃው ዘልሎ ወጣ፤ ግማሹ ላይ ደርሶ ሲቆምም ከላይ ያለው መስመሩ ይንቀጠቀጥ ነበር።